የመልዕክተኛው መልዕክተኛ፦ ሙስዐብ ኢብን ዑመይር (ረ.ዐ)

በመስጊዳችን የምሥረታ መታሰቢያ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለኃያሉ ጌታችን ለአላህ (ሱ.ወ) ይድረሰው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ከሶሐቦች ስለ አንዱ እንድናገር ሲጠይቀኝ ምርጫውን ለእኔ ትቶልኝ ነበር። ስለ አቡበክር ወይም ስለ ዑመር (ረ.ዐ) ብናገር ሁላችሁም የምታውቁትን መድገም ይሆንብኛል። ስለ ቢላል (ረ.ዐ) ብናገር ደግሞ በመድረሳችን ያሉት ሕፃናት ከእኔ አብልጠው ይነግሩኛል። ስለዚህ ስሙን ብዙዎቻችን የምንሰማውን፣ ታሪኩን ግን ከዚህም ከዚያም እየቆነጠርን ብቻ የምናውቀውን አንድ ሶሐባ መረጥኩ። እርሱም ሙስዐብ ኢብን ዑመይር (ረ.ዐ) ነው። ለምርጫዬ ሌላም ምክንያት አለኝ። ንግግሬ መሐል ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ግን ሳልናገረው ትደርሱበታላችሁ።

በአንዳንድ መጻሕፍት ሙስዐብ የኢስላም የመጀመሪያው አምባሳደር ተብሎ ይጠራል። ቃሉን አልጠላውም። ነገር ግን አምባሳደር ሲባል በእኛ አእምሮ የሚመጣው ባንዲራ ያለበት መኪና፣ ግብዣና ዘበኛ ነው። ሙስዐብ ወደ የስሪብ ሲላክ ከእነዚህ አንዱም አልነበረውም። የያዘው ስንቅ በደረቱ የሸመደደው ቁርኣን ነበር። ስለዚህ እኔ የመልዕክተኛው መልዕክተኛ ብለው ይሻለኛል።

ሙስዐብ የመካ ልጅ ነው። ነገዱ ቁረይሽ፣ ጎሳውም በኑ ዐብዱዳር ይባላል። ይህን የጎሳ ስም ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። በኑ ዐብዱዳር የካዕባን ቁልፍ የሚይዙ፣ ቁረይሽ ለጦርነት በሚወጣበት ጊዜም ሰንደቁን የሚሸከሙ ባለ ክብር ሰዎች ነበሩ። እናቱ ኹናስ ቢንት ማሊክ ሀብታም ሴት ነበረች፤ ለልጇም የምትሳሳለት ነገር አልነበራትም። ከመካ ወጣቶች ሁሉ ያማረውን የሚለብሰው፣ ያማረውን ሽቶ የሚቀባው እርሱ ነበር። ጫማው እንኳ ከሐድረመውት የሚመጣ ነበር። በመንገድ ሲያልፍ ሽታው ቀድሞት ይደርስ ነበር ይባላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በኋላ ዘመን ሲያስታውሱት፣ በመካ ከሙስዐብ የበለጠ በድሎት ያደገ ሰው እንዳላዩ መናገራቸው ተዘግቧል።

ይህ ቅምጥል ልጅ ነው እንግዲህ ከሶፋ ኮረብታ አጠገብ ካለችው ከአርቀም ቤት በድብቅ የገባው። በዚያን ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥቂት ተከታዮቻቸውን በዚያ ቤት ያስተምሩ ነበር። ሙስዐብ ሰማ፣ አመነም። እምነቱን ግን ከእናቱም ከወገኖቹም ሸሸገ። እናቱ ጠንካራ ሴት ነበረች፤ ቁጣዋንም ያውቀዋል።

ምስጢሩ ብዙ አልቆየም። ዑስማን ኢብን ጦልሐ የተባለ የገዛ ጎሳው ሰው ሲሰግድ አየውና ሄዶ ለእናቱና ለዘመዶቹ ነገረ። ይህንንም ስም ያዙልኝ። ዘመዶቹ ሙስዐብን ያዙት፤ ቤት ውስጥም አሠሩት። ያ ሽታው መንደሩን ያውድ የነበረ ወጣት እግረ ሙቅ ገባ።

ከዚያ እሥር ያመለጠው ወደየት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወደዚህ ወደ እኛው አገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በነቢይነት በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ615፣ የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ወደ ሐበሻ ተሰደዱ። አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ወንዶችና አራት ሴቶች ነበሩ። ሹዐይባ ከሚባለው ወደብ ሲደርሱ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናርም ባሕሩን ተሻገሩ። ቁረይሾች ተከታትለው ወደቡ ሲደርሱ መርከቦቹ ሄደው ነበር። ከነዚያ ተሳፋሪዎች አንዱ ሙስዐብ ነው።

እኛ የሐበሻን ሒጅራ ስንተርክ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ተቀባዩ፣ ስለ ፍትሐዊው ንጉሥ ነጃሺ ነው። ይገባናልም፤ ኩራታችን ነው። ግን አንዳንዴ ነገሩን ከእንግዳው በኩል ብናየው መልካም ነው። ቋንቋው የማይገባው፣ ምግቡ የማይስማማው፣ ዘመድ የሌለው፣ የእናቱ አገልጋዮች ልብሱን ሲያቀርቡለት የኖረ ሰው በሰው አገር የገዛ እጁን ሥራ መብላት ይማራል። ዛሬ ልጆቻቸው በዓረብ አገር ሠርተው የሚያድሩ እናቶች በዚህ ጉባኤ ውስጥ አሉ። እነርሱ ይህን ለማስረዳት ከእኔ የተሻለ ቃል አላቸው።

ብዙም ሳይቆዩ የመካ ሰዎች ሰለሙ የሚል ወሬ ሐበሻ ደረሰ። ሙሃጂሮቹም ተመለሱ፤ ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። ሙስዐብ መካ ሲገባ ሰውነቱ ተለውጦ፣ ያ ለስላሳ ቆዳው ሻክሮ ነበር። እናቱ ባየችው ጊዜ ወቀሳዋን ተወችው ይላሉ ዘጋቢዎቹ። ኩፍሯን አልተወችም፤ ወቀሳዋን ብቻ ነው የተወችው። እናት ናትና።

አሁን ወደ የስሪብ እንሂድ፤ በኋላ መዲና ወደተባለችው ከተማ ማለቴ ነው። በዚያ አውስና ኸዝረጅ የሚባሉ ሁለት ወንድማማች ነገዶች ይኖራሉ። ወንድማማች ይሁኑ እንጂ ለብዙ ዘመናት ተላልቀዋል። የመጨረሻው ጦርነታቸው ቡዓስ ይባላል፤ ከሒጅራ አምስት ዓመት ያህል በፊት የተደረገ ነው። ከሁለቱም ወገን ትልልቆቹ መሪዎች አልቀዋል። በየቤቱ ያልደረቀ እንባ፣ ያልተከፈለ ደም ነበር።

በ621 የሐጅ ወቅት ከእነዚህ ነገዶች አሥራ ሁለት ሰዎች፣ አሥሩ ከኸዝረጅ ሁለቱ ከአውስ፣ ሚና አጠገብ ዐቀባ በተባለው ሥፍራ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ቃል ኪዳን ገቡ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቁርኣን የሚያስቀራቸውና ዲኑን የሚያስተምራቸው ሰው አብሯቸው ተላከ። ሙስዐብ ነበር።

ለምን እርሱ? ከእርሱ በዕድሜ የሚበልጡ፣ በስም የገነኑ ሰዎች ነበሩ። መጻሕፍቱ ምክንያቱን አይዘረዝሩም፤ የሚታየኝን ልናገር። የጨዋ ልጅ ነው፤ ከትልቅ ሰው ፊት መቀመጥ ያውቃል። ቁርኣኑ በልቡ አለ። እንግድነትን በሐበሻ ቀምሶታል። የገዛ ወገኖቹ አሥረውት ስላየ፣ ከሚቆጣ ሰው ፊት ሳይደነግጥ መቆም ተምሯል። ከሁሉም በላይ አውስም አይደለም፣ ኸዝረጅም አይደለም።

የስሪብ ሲደርስ ያረፈው ከአስዐድ ኢብን ዙራራ (ረ.ዐ) ቤት ነው። አስዐድ ከኸዝረጅ ነው፤ የነቢዩ መስጊድ በመሠራት ላይ እያለ፣ ሳያልቅ፣ በሒጅራ 1ኛው ዓመት የሞተ ሰው ነው። ሙስዐብን አሳደረው፣ አበላው፣ እየመራም ወደየሰፈሩ ወሰደው። ወደ ወሎ ለኪታብ የወረዱ አባቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል። ደረሳው የሚማረው በሸይኹ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ እንጀራውን በሚያካፍለው የመንደር ሰውም ነው። ስለ አስተማሪዎች ስናወራ አስተማሪውን ያኖሩትን ሰዎች እንረሳለን። የእኛ መድረሳ ኡስታዝ የት እንደሚያድር ከመካከላችን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የስሪብ ሰዎች ሙስዐብን ሙቅሪእ፣ ማለትም አስቀሪው ብለው ይጠሩት ጀመር። ኢብኑ ኢስሓቅ በሲራው የመዘገበው አንድ አጭር ነገር ግን አለ፤ ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝ እርሱ ነው። በሶላትም ኢማም ሆኖ የሚያሰግዳቸው ሙስዐብ ነበር፤ ምክንያቱም አውሶች ከኸዝረጅ ሰው ኋላ፣ ኸዝረጆችም ከአውስ ሰው ኋላ መቆም አይወዱም ነበር።

ልብ በሉ፤ ይህ ስለ ሙሽሪኮች የተነገረ አይደለም። ኋላ አንሷር ተብለው የተከበሩት፣ ለኢስላም ቤታቸውንና ደማቸውን የሰጡት ሰዎች ናቸው። አምነዋል፣ ሻሃዳ ይዘዋል። ያም ሆኖ ሶፍ ሲሰለፉ የቡዓስ ቀን በመካከላቸው ይቆማል። ወንድሜን የገደለው ሰው የአጎት ልጅ አላሁ አክበር ሲል እኔ ልከተለው ነውን? ይላል ልቡ። በዘገባው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ተግሣጽም የለም። ከሁለቱም ያልሆነ ሰው ከፊት ቆመ፤ እነርሱም ከኋላው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰገዱ።

እንግዲህ ምክንያቴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ መስጊድ፣ በረመዳን ተራዊሕን ማን ያሰግድ በሚል ጀመዓው ለሁለት ተከፍሎ እንደነበር ከእናንተ የሚሰወር አይደለም። ስም አልጠራም። በአንድ ሰው ላይ ግን መመስከር እችላለሁ፤ እርሱም ራሴ ነኝ። እኔ ከአንደኛው ወገን ነበርኩ። የእኛ ሰው ቂርኣቱ ያማረ ነው እንል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የደገፍነው ያገራችን ልጅ ስለሆነ ነው። ሌላኛው ወደ ሚሕራብ ሲገባ ጫማዬን አንስቼ የወጣሁበት ሌሊት አለ። በዚያ ነገር ከአንድ ጎረቤቴ ከሆኑ አዛውንት ጋር ሰላምታ ተቋረጥን። ለፈጅር በአንድ መንገድ ነበር የምንሄደው፤ እርሳቸው በወዲያኛው ዳር፣ እኔ በወዲህኛው። ዒድ መጣ፣ አለፈ። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል ዐረፋም አለፈ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከደጃቸው ድንኳን ተተክሎ አገኘሁ።

በጀናዛቸው ያሰገደው ያ ከኋላው አልቆምም ብዬ የወጣሁበት ሰው ነበር። ያን ቀን ከኋላው ቆምኩ። የጀናዛ ሶላት አራት ተክቢራ ነው፤ ሩኩዕም ሱጁድም የለውም። ቶሎ ያልቃል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ፤ ከዚህ በኋላ ያለው እጅግ ደስ የሚለኝ ክፍል ነው።

አስዐድና ሙስዐብ አንድ ቀን በኑ ዘፈር ወደሚባሉት ሰዎች የአትክልት ሥፍራ ገብተው መረቅ ከሚባል የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ተቀመጡ። የሰለሙት ሰዎች መጥተው ከበቧቸው። ይህ ሰፈር የአውስ ነው። ከአለቆቹ ሁለቱ፣ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝና ኡሰይድ ኢብን ሑደይር፣ ገና አልሰለሙም ነበር፤ ወሬውን ሰሙ። ሰዕድ እጅግ ተቆጣ። ሆኖም አንድ እንቅፋት ነበረበት፤ አስዐድ የአክስቱ ልጅ ነው። ዝምድናው ይዞት ራሱ ሳይሄድ ኡሰይድን፣ ሂድና እነዚህን ደካሞቻችንን ሊያሞኙ የመጡ ሁለት ሰዎች ከሰፈራችን አስወጣልኝ፣ ዝምድና ባይዘኝ እኔው በበቃሁ ነበር አለው።

ኡሰይድ ጦሩን ይዞ ወጣ። አስዐድ ከሩቅ ሲያየው ለሙስዐብ፣ ይህ የወገኖቹ አለቃ ነው፣ ለአላህ ብለህ እውነቱን ንገረው አለው። ሙስዐብም ከተቀመጠ እናገረዋለሁ አለ። ኡሰይድ ግን ሊቀመጥ አልመጣም። በላያቸው ቆሞ ይሳደብ ጀመር፤ ሕይወታችሁን ከፈለጋችሁ ከዚህ ተነሡ አላቸው።

አሁን የሙስዐብን መልስ ስሙ። አልተሳደበም፣ አልሸሸም፣ ክርክርም አልከፈተም። ቁጭ ብለህ ብትሰማንስ? ነገሩ ከወደድከው ትቀበለዋለህ፤ ከጠላኸው የጠላኸውን ከአንተ እናርቃለን አለው። ሰውየው የጨዋ ልጅ ነበርና ይህስ ፍትሕ ነው አለ። ጦሩን ከመሬት ተክሎ ተቀመጠ።

ያ የተተከለ ጦር ከዓይኔ አይጠፋም። ሊወጋ የመጣ ጦር ነው። ሰውየው አልጣለውም፤ ማንም ጣል አላለውም። አጠገቡ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቢፈልግ እጁን ዘርግቶ ይነቅለዋል። ሙስዐብ ከጦሩ ጋር ጉዳይ አልነበረውም፤ የፈለገው የሰውየውን ጆሮ ነው።

ሙስዐብ ስለ ኢስላም ነገረው፣ ቁርኣንም ቀራለት። በዚያ የነበሩት ሰዎች በኋላ ሲያወሩ፣ ኡሰይድ ገና አንድ ቃል ሳይናገር ኢስላምን በፊቱ ላይ አይተን አወቅን ብለዋል፤ ፊቱ በርቶ ነበርና። እንዲህ ያለ ያማረ ቃል አልሰማሁም፣ ወደዚህ ሃይማኖት ስትገቡ ምን ታደርጋላችሁ? ብሎ ጠየቀ። ታጠብ፣ ልብስህን አጥራ፣ ሻሃዳ ያዝ፣ ከዚያ ስገድ አሉት። አደረገው። ከዚያም፣ ከኋላዬ አንድ ሰው አለ፣ እርሱ ከተከተላችሁ ከወገኖቹ አንድም አይቀር፤ አሁን እልክላችኋለሁ አላቸውና ጦሩን ነቅሎ ሄደ።

ኡሰይድ ብልኅ ሰው ነበር። ለሰዕድ ስበክለት ቢባል እንደማይሰማ ያውቃል። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለገ። ሁለቱን ሰዎች አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ክፉ ነገርም አላየሁባቸውም፤ ግን በኑ ሓሪሳዎች አንተን ለማዋረድ የአክስትህን ልጅ አስዐድን ሊገድሉ መውጣታቸውን ሰምቻለሁ አለው። ሰዕድ ብድግ አለ። ቅድም ያስቀረው ዝምድና አሁን አስወጣው። ጦሩን ነጥቆ ሲሮጥ ደረሰ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ተረጋግተው ተቀምጠዋል። የተላከው ሊሰማቸው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። በአስዐድ ላይ ተቆጣ፤ ዝምድናችን ባይኖር ይህን በእኔ ላይ ባልደፈርክ ነበር አለው።

ሙስዐብ ለሰዕድም ያንኑ ቃል ደገመለት። ቁጭ ብለህ ብትሰማስ? ሰዕድም ጦሩን ተከለ፣ ተቀመጠም።

ከዚያ በኋላ ወደ ወገኖቹ ወደ በኑ ዐብዱል አሽሀል ተመልሶ፣ እኔ ለእናንተ ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ብሎ ጠየቀ። አለቃችን፣ ምክርህም የበለጠብን ነህ አሉት። እንግዲያውስ በአላህና በመልዕክተኛው እስክታምኑ ድረስ ከወንዶቻችሁም ከሴቶቻችሁም ጋር መነጋገር በእኔ ላይ ሐራም ነው አላቸው። ቀኑ ሳይመሽ በዚያ ሰፈር ያልሰለመ ወንድም ሴትም አልቀረም። አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ ኡሰይሪም ይባላል። እርሱም በኡሑድ ቀን ሰልሞ በቀጥታ ወደ ጦርነቱ ገባና፣ ለአላህ አንዲት ሶላት እንኳ ሳይሰግድ ሸሂድ ሆነ።

ጁምዓም በመዲና የተጀመረው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከመድረሳቸው በፊት ነው። ያሰባሰበው አስዐድ ነው የሚል ዘገባ አለ፤ ሙስዐብ ነው የሚልም አለ። በአንደኛው ዘገባ የተሰበሰቡት 40 ሰዎች ነበሩ። ዑለማዎቻችን በዝርዝሩ ይነጋገሩበት፤ ለእኔ ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው።

ዓመቱ ሲዞር፣ በ622 የሐጅ ወቅት፣ ሙስዐብ ወደ መካ ተመለሰ። በዚያ ዓመት በዐቀባ ቃል የገቡት 73 ወንዶችና 2 ሴቶች ናቸው። ካለፈው ዓመት አሥራ ሁለት ጋር አስተያዩት።

መካ እንደገባ በቅድሚያ የሄደው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነው፤ ስለ የስሪብ ሰዎችም ነገራቸው፣ እርሳቸውም ተደሰቱ። እናቱ መምጣቱን ሰምታ ላከችበት። አንተ አመፀኛ፣ እኔ ወዳለሁበት አገር መጥተህ ከእኔ አትጀምርም? አለችው። ከአላህ መልዕክተኛ በፊት ከማንም ልጀምር አልችልም አላት። በኋላ ወደ እርሷ በሄደ ጊዜ ዳግመኛ ልታሳስረው አሰበች። እርሱም ከእንግዲህ ሊያሥረኝ የሚመጣ ሰው ካለ እታገለዋለሁ አለ። ያን ጊዜ እናቱ እያለቀሰች መንገድህን ሂድ አለችው።

ወጣቶቻችን ይህን ታሪክ ሲያወሩ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እናቱን ትቶ ሄደ ይላሉ፤ ይህንንም ለገዛ እናታቸው መልስ ያደርጉታል። ታሪኩ ግን አላለቀም። ሙስዐብ አልወጣም። እናቴ ሆይ፣ እኔ ላንቺ የምመክርሽና የማዝንልሽ ነኝ፣ ሻሃዳ ያዢ ብሎ ለመናት። እርሷም አእምሮዋ ደከመ፣ ሐሳቧ ቀለለ እንዳይሏት በሃይማኖትህ አልገባም አለች። ልብ በሉ፤ የመለሰችለት ሐሰት ነው ብላ አይደለም። ሰው ምን ይለኛል ነው ያለችው። በየስሪብ ሁለት አለቆችን በአንድ ቀን ያስቀመጠው አንደበት የገዛ እናቱን ሊያስቀምጥ አልቻለም። በልጁ ወይም በወላጁ ነገር ልቡ የተሰበረ ሰው በመካከላችን ካለ፣ ከሙስዐብ ጋር ነው የተቀመጠው።

ከሒጅራው በፊት ሙስዐብ ወደ መዲና ተመለሰ። ከሙሃጂሮች በመጀመሪያ የደረሱብን ሙስዐብና ዓይነ ስውሩ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ናቸው፣ ቁርኣን ያስቀሩን ነበር ሲል የመዲናው ሰው በራእ መናገሩን ቡኻሪ ዘግቧል። ሙስዐብ ሐምና ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) አገባ፤ ዘይነብ የምትባል ልጅም ወለዱ። ኑሯቸው የድኽነት ነበር። አንድ ቀን ቁርበት የተጣፈበት አሮጌ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጥንቱን ድሎቱን አስታውሰው ማልቀሳቸው በቲርሚዚ ተዘግቧል።

በበድር፣ በሒጅራ 2ኛው ዓመት፣ የሙስሊሞቹን ነጭ ሰንደቅ ተሸከመ። በዚያ ቀን አቡ ዐዚዝ የተባለው ወንድሙ ከቁረይሽ ወገን ሆኖ ተማረከ። ሙስዐብ በአጠገባቸው ሲያልፍ አንዱ አንሷሪ እያሠረው ነበር። አጥብቀህ እሠረው፣ እናቱ ሀብታም ናት፣ ትዋጀዋለች አለው። ወንድሙም ስለ እኔ ያለህ አደራ ይህ ነውን? ሲለው፣ ወንድሜ እርሱ ነው፣ አንተ አይደለህም አለው። እናትየው 4,000 ዲርሃም ልካ አስለቀቀችው። ቃሉ ይከብዳል፤ እኔም ስደግመው ይከብደኛል። ሆኖም ያ ምርኮኛ ራሱ በኋላ የመሰከረው አለ፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለምርኮኞች መልካም እንዲደረግ ስላዘዙ፣ የያዙት አንሷሮች እነርሱ ተምር እየበሉ ዳቦውን ለእርሱ ይሰጡት ነበር።

ኡሑድ በ3ኛው ዓመት በሸዋል ወር ነው፤ በአውሮፓውያን 625። ከመካ 3,000 ሰው መጣ፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር የቀሩት 700 ያህል ነበሩ። የጎሳውን ስም ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። የመካን ሰንደቅ የያዙት እንደ ልማዳቸው በኑ ዐብዱዳር ናቸው። በሙስሊሞቹም በኩል ሰንደቁ የተሰጠው ለበኑ ዐብዱዳሩ ልጅ ለሙስዐብ ነው። ሁለቱን ሰንደቆች የአንድ ቤት ልጆች ይዘው ተፋጠጡ። በወዲያኛው ወገን ሰንደቁን የያዙት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተካ አለቁ፤ ከወደቁት አንዱ የዚያ ሙስዐብን ለእናቱ የከሰሰው የዑስማን አባት ጦልሐ ነው።

ሃምሳዎቹ ቀስተኞች ከኮረብታው ከወረዱ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሠራዊቱ ሲበተን ሙስዐብ ከቦታው አልተነቃነቀም። ኢብኑ ቀሚአ የተባለ ፈረሰኛ መጥቶ ቀኝ እጁን መታው፣ ተቆረጠ። ሰንደቁን በግራው ያዘ፤ ግራውም ተቆረጠ። በክንዶቹ ከደረቱ ጋር አቀፈው። በሦስተኛው በጦር ተወጋና ወደቀ። መልኩ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ይመሳሰል ነበርና ገዳዩ ሙሐመድን ገደልኩ ብሎ ጮኸ። ሰንደቁን ዐሊይ (ረ.ዐ) ተቀበለ። ሙስዐብ በዚያን ቀን ዕድሜው 40 ወይም ጥቂት ያለፈ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሐምና ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀበለቻቸው። ወንድሟ ዐብዱላህ መገደሉ ተነገራት፤ ኢንና ሊላሂ ብላ ምሕረት ለመነችለት። አጎቷ ሐምዛ መገደሉ ተነገራት፤ እንዲሁ አለች። ባሏ ሙስዐብ መገደሉ ሲነገራት ግን ጮኸች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ባል በሴት ልብ ውስጥ የተለየ ቦታ እንዳለው ተናገሩ እንጂ አልገሠጿትም።

ለቀብሩ ከአንዲት የሱፍ ልብስ በቀር አልተገኘለትም። ራሱን ሲሸፍኑት እግሩ ይወጣል፤ እግሩን ሲሸፍኑት ራሱ ይገለጣል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሱን በራሱ በኩል፣ ኢዝኺር የሚባለውንም ሣር በእግሩ ላይ አድርጉ አሉ። የመካው ባለ ሽቶ ልጅ እንደዚህ ተቀበረ። ኢዝኺር መልካም ሽታ ያለው ሣር ነው።

ዑስማን ኢብን ጦልሐስ? በ8ኛው ዓመት ሰለመ። መካ በተከፈተች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የካዕባን ቁልፍ መልሰው የሰጡት ለእርሱ ነው፤ ቁልፉም ለዘመዶቹ ተላልፏል። ሙስዐብን አሳልፎ የሰጠው ሰው ሙስዐብ የሞተለትን ቃል ይዞ የቤቱ ጠባቂ ሆነ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሙስሊሞች አገሮችን ከፍተው፣ ሀብት በእጃቸው ሞልቶ በነበረበት ዘመን፣ ለዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) ማፍጠሪያ ምግብ ቀረበለት። ዐብዱረሕማን ከባለጸጎቹ ሶሐቦች አንዱ ነው፤ ያን ቀን ጾመኛ ነበር። ማዕዱን ሲያይ ሙስዐብን አስታወሰ። ከእኔ ይበልጥ ነበር፣ መከፈኛው ግን ራሱንና እግሩን አልደርስ ብሎ ነበር አለ። ሐምዛንም አነሣ። ከዚያም ይህ ሁሉ ድሎት የመልካም ሥራችን ዋጋ በዚህ ዓለም ተቻኩሎ የተሰጠን እንዳይሆን እፈራለሁ ብሎ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ የጾመው ሰው ምግቡን ሳይበላ ተነሣ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።